የልጄን የመቅኒ ንቅለ ተከላ በተመለከተ ምክራችሁን እሻለሁ

ወገኖቼ፣ የምንኖረው ሀዋሳ ነው። የ6 ዓመቷ ልጄ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም የተባለ የመቅኒ ሕመም አለባት፤ በምርመራው ከሁለቱ 7ኛ ክሮሞዞሞች አንዱ ጎድሎ ተገኝቷል። ሳትመታ እግሯ ይበልዛል፤ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ይደማል።

ኬሞቴራፒ ብቻውን እንደማያድናት፣ ተስፋው ከሌላ ሰው በሚወሰድ ግንደ ህዋስ (ደም የሚያመነጭ የመቅኒ ሴል) ንቅለ ተከላ እንደሆነ ሐኪሟ ነግረውናል። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ጠንካራ ኬሞቴራፒ የታመመውን መቅኒ አጥፍቶ ለአዲሱ ቦታ እንደሚያዘጋጅ ገብቶኛል። የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ ብላስት የሚባሉት ያልበሰሉ ሴሎች ገና ጥቂት ሳሉ ቀድሞ ተጨማሪ ኬሞቴራፒ ይሰጣት ወይስ ለጋሽ እንደተገኘ በቀጥታ ወደ ንቅለ ተከላው እንሂድ?

ሁለት ወንድሞች አሏት፤ እያንዳንዳቸው በኤች ኤል ኤ (የለጋሽና የተቀባይ መመሳሰል በሚታይበት የሴል መለያ) ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። ካልሆነ እኔና እናቷ በግማሽ እንመሳሰላለን። አጎቶቿ ደም ሊሰጧት መጥተው ነበር፤ የቅርብ ዘመድ ደም ሰውነቷ በኋላ የለጋሹን መቅኒ እንዲገፋ ሊያደርግ ስለሚችል ተውነው። ይህን ያልሰማ ወላጅ ካለ እባካችሁ ንገሩት።

ልጃችሁን ውጭ አገር ያሳከማችሁ፣ የወንድሞቿን የኤች ኤል ኤ ናሙና ከዚህ ሆነን መላክ እንችላለን? እዚያስ ደምና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ የደም ሴሎች) የሚሰጣችሁ ሰው ከየት አገኛችሁ?