እሁድ ቤት ልንቀይር ነው፣ የእናቴን ሲኒዎች እንዴት ላሽጋቸው?

የሽሮሜዳዋ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። እሁድ ከሽሮ ሜዳ ወደ ኮዬ ፈጬ ልንገባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም በደረጃ ነው። አልጋው ሶፋው ምኑም አላስጨነቀኝም፣ ጭንቀቴ የሚሰበረው ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና የተወችልኝ ሲኒ አለ፣ አፉ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው፣ ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ ወደ መስኮት ስታዞሩት ከኋላው ያለ ጣት የሚታይበት። 12 ነበር አሁን 9 ነው። ያለፈው ጊዜ ቤት ስንቀይር ሁሉንም ባንድ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፣ ጫኙ ልጅ ከመኪናው ላይ ሆኖ ለጓደኛው ወረወረለት፣ ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሌላው ጀበና፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባለመስታወት ቡፌ፣ 55 ኢንች ቲቪ (ካርቶኑን ጥለነዋል)፣ ትንሽ ወርቅና ሰነድ አለ። እባካችሁ ያለፋችሁበት ሰዎች ንገሩኝ።

ባለአይሱዙ፦
እህቴ እኔ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ የቤት እቃ ብዙ ጊዜ ጭኛለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፣ እቃ መንገድ ላይ ከሚሰበረው ሲጫንና ሲወርድ የሚሰበረው ይበዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጫኝ አውራጆቹ ጋር ሳይጀምሩ በፊት ተነጋገሪ፣ ዋጋው 4ኛ ፎቅ ድረስ መሆኑን በግልፅ ንገሪያቸው፣ ግማሽ ላይ ፀብ ከተነሳ እቃው ነው በንዴት የሚወረወረው። የምትገቢበትም ሰፈር ልጆች ስላሉ እዛ ያለ ሰው ካለሽ ቀድሞ ያናግርልሽ። «እነዚህን ካርቶኖች እኔ ነኝ የማወርደው» ብለሽ ለብቻ አስቀምጪያቸው።

ሲኒዎቹን ኋላ እንዳትጭኛቸው፣ ጋቢና አንቺ ጋር ጭንሽ ላይ ይሁኑ። ሌሎቹ ላይ «ተሰባሪ» ብለሽ በማርከር ስትፅፊ ባራቱም ጎን ፃፊ፣ ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ካርቶን ሲደረብበት ማን ያየዋል። ቲቪው በጭራሽ አይተኛም፣ ቆሞ ነው የሚሄደው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ንፁህ አንሶላ ከዛ ጠፍጣፋ ካርቶን አድርጊበትና በሁለት ስፖንጅ ፍራሽ መሀል አቁሚው፣ ገመድ ሲታሰር ግን ስክሪኑ ላይ እንዳይጫን ጠርዝ ጠርዙን ነው። ፍሪጅ ካለሽም እንደዛው ቁሞ፣ የግድ ከተኛ እንደደረስሽ እንዳትሰኪው፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚሄድ ቁሞ የተወሰነ ሰዓት ይቆይ፣ ለብዙ ሰዓት ተኝቶ ከነበረ አንድ ቀን ቢያድር ይሻላል።

የቤዛ እናት፦
የኔ እህት ሳነበው አንጀቴን በላሽው፣ የእናት እቃ እኮ ሌላ ነው። ልጁ መወርወሩ ጥፋት ነው ግን ማሸጊያውም ላይ ችግር ነበረው፣ ብርድ ልብሱ ከውጪ ነው የሚከላከለው፣ ውስጥ ግን ሲኒ ከሲኒ ጋር ነው የተማታው። አንድ ባንድ ነው የሚጠቀለለው። መጀመሪያ ውስጡን ሶፍት ጎስጉሺበት፣ ከዛ በነጭ ወረቀት ሁለት ሶስት ዙር። ጋዜጣ ከሆነ ቀለሙ ነጭ ሲኒ ላይ ይለቃልና ከስር ሌላ ወረቀት ይኑር። ፕላስተር ወረቀቱ ላይ እንጂ ሲኒው ላይ እንዳታደርጊ፣ የወርቁን ቀለም ይዞት ይነሳል። ካርቶኑ ትንሽ ይሁን፣ ከስር አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወይ የተጨማደደ ወረቀት፣ የሲኒ ማስቀመጫዎቹን ደሞ ተደራርበው ሳይሆን በጠርዛቸው አቁመሽ፣ እንደ መፅሐፍ ደርድሪያቸው፣ ሰሃንም እንደዚሁ ነው ተኝቶ ሲደራረብ የታችኛው ነው ሚሰነጠቀው። ስትጨርሺ ካርቶኑን ቀስ አርገሽ ነቅነቅ አድርጊው፣ ድምፅ ከሰማሽ ክፍተት አለ ማለት ነው ሙይው።

ጀበና የሚሰበረው አንገቱና ጆሮው ጋ ነው። አንገቱን በአሮጌ ነጠላ ሆዱን እስኪያክል ድረስ ጠቅልይውና ባልዲ ውስጥ አቁሚው። ምጣዱን የመጨረሻ እንጀራ ቅዳሜ ጋግሪበት፣ እሁድ ጠዋት እንዳትለኩሺው፣ ትኩስ ሸክላ አይነካካም። ከነእግሩ ከስሩ ስፖንጅ አድርገሽ ላዩ ላይ ምንም ሳትደርቢ፣ ሸክላው ከተሰነጠቀ ጀርባው ላይ ያለው ሽቦም አብሮ ሊበጠስ ይችላል። የቡፌውን መደርደሪያ መስታወት አውጪው፣ እሱም ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ፕላስተር በኤክስ ቅርፅ ብትለጥፊበት ከመሰበር አያድነውም ግን ቢሰበር እንኳ እንዳይበታተን ይይዘዋል።

ስፕሪንግ ሰው፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከዚህ ወደ አትላንታ ስንሄድና ስንመለስ ሁለቴ አሽገናል። የተማርኩት ነገር፣ የወይን ጠርሙስ የሚመጣበት ባለክፍልፋይ ካርቶን ለብርጭቆና ለሲኒ የሚያህለው የለም፣ እኛ ከሊከር ስቶር በነፃ ነው የምንወስደው፣ አንቺም ከግሮሰሪ ወይ ከሆቴል ብትጠይቂ አታጪም። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ይሄን እወቁ፣ ከስቴት ወደ ስቴት ስትሄዱ ተጨማሪ ሳትከፍሉ የምትፈርሙት የካሳ አይነት ለአንድ ፓውንድ ክብደት (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 60 ሳንቲም ብቻ ነው፣ 5 ፓውንድ የሚመዝን የሲኒ ካርቶን ቢደቅላችሁ 3 ዶላር ይሰጧችኋል፣ ለኛ እኮ ዋጋው በኪሎ አይደለም። ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሌላ አማራጭ አለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ እሱም ቢሆን በጣም ውድ የሆነውን እቃ ዝርዝር ውስጥ በፅሁፍ ካላስመዘገባችሁት ሊቀነስባችሁ ይችላል። የትም ብትሆኑ ሳታሽጉ በፊት ባራቱም በኩል ፎቶ አንሱት።

የአያቴ ልጅ፦
ወርቁንና ሰነዱን አደራ ካርቶን ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ልብስ ሻንጣ ውስጥም አይሆንም፣ በዛ ግርግር በር ክፍት ነው ሰው ይወጣል ይገባል። የቤቱን ውል፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርት፣ ወርቁን ባንድ ትንሽ ቦርሳ ትከሻሽ ላይ አንጠልጥለሽ ከሰውነትሽ ሳይለይ፣ ወይ ከነገ ወዲያ ሳይሆን ዛሬ እምነት የምትጥይበት ዘመድ ጋ አድርሺው። ፍራሽ ስርና መሳቢያ ውስጥ ያለውን ከመጫኑ በፊት አንቺው ራስሽ ፈትሺ። እኛ ቤት የአያታችን የብራና ዳዊት አለ፣ ሰው አስቦልን በፌስታል ጥብቅ አርጎ ጠቀለለው፣ ሳንፈታው ክረምቱን ከርሞ ብራናው እርጥበት ይዞ ተጨማዶ ነው ያገኘነው፣ ብራና ያላችሁ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በማኅደሩ ውስጥ ይሁን። የድሮ ፎቶም ካላችሁ ከእጃችሁ አይለይ፣ እሱን ማን ይመልሰዋል።

የሽሮሜዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የቤዛ እናት ያልሽው ገብቶኛል፣ ለካ እርስ በርሳቸው ነበር የተማቱት። ወርቁና ሰነዱ ነገ እህቴ ጋ ይሄዳል። ባለአይሱዙ አንድ ጥያቄ፣ ጋቢና ልጄም አብሮኝ ነው፣ ካርቶኑን እግሬ ስር ባደርገው ችግር አለው?

ባለአይሱዙ፦
እግር ስር ካደረግሽው ከስሩ ትራስ አስቀምጪ፣ መንገዱ ጉድጓድ አለው። ሾፌሩንም ተሰባሪ እንዳለ ንገሪው፣ ካወቀ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

የሽሮሜዳዋ፦
እሺ ወንድሜ። ከሰፈር ግሮሰሪ ባለክፍልፋይ ካርቶን ሰጡኝ። አሁን ማታ 9ኙንም አንድ ባንድ ጠቅልዬ ጨረስኩ፣ ነቅነቅ አድርጌ አየሁት፣ ምንም ድምፅ የለውም።