የክራር ቅጂ በሳምፕለር ላይ፦ ኢንቨሎፑን እንዴት ላስተካክል?

የጅማ ኪቦርድ ተጫዋች፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በሠርግና በልዩ ልዩ ዝግጅቶች ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። በዚህ ክረምት የጓደኛዬን ክራር እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ቀርጬ ወደ ሳምፕለር (የተቀረጸ ድምፅን በቁልፍ ወደሚያጫውት መሣሪያ) አስገብቼ ነበር፤ ሆኖም ቁልፉን ስነካ መጀመሪያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ጣቴን ሳነሣ ድምፁ በድንገት ይቆረጣል፣ ይዤ ስቆይ ደግሞ እንደ ኦርጋን ሳያባራ ይቀጥላል። በቀረጻው ጊዜ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይመታ የነበረው ዝናብም ክሩ እየደከመ ሲሄድ ጎልቶ ይሰማል። የኢንቨሎፑን፣ ማለትም ድምፁ ከመነሣት እስከ መጥፋት የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነውን ቅንብር፣ አራት ክፍሎች (አታክ፣ ዲኬይ፣ ሰስቴይንና ሪሊዝን) በምን ልክ ላድርጋቸው? ወደፊት በሲንተሳይዘር ብቻ የማሲንቆ ዓይነት ድምፅ መሥራት ስለምፈልግ በእሱም ላይ ምክራችሁን እጠይቃለሁ።

ባለ ክራሩ፦
ከአራቱ መካከል ሦስቱ የጊዜ ርዝመትን ሲወስኑ (አታክ ድምፁ የሚነሣበትን፣ ዲኬይ ወደ ሰስቴይኑ የሚወርድበትን፣ ሪሊዝ ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ የሚጠፋበትን)፣ ሰስቴይን ግን ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ድምፁ የሚረጋበትን መጠን ይወስናል። ክራር አንዴ ከተመታ በኋላ አዲስ ኃይል ስለማያገኝ ሰስቴይኑን ዜሮ፣ ዲኬዩን አንድ ሰከንድ ያህል፣ አታኩን ከ1 እስከ 3 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዙን ደግሞ 250 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቢያደርጉት ይስማማል።

ድምፅ ቀራጭ፦
የወንድሜ ምክር ድምፁን ከባዶ ለሚሠራ ሲንተሳይዘር ትክክል ነው፤ የሪሊዙንም ልክ እቀበላለሁ። የእርስዎ ቅጂ ግን የክሩን መድከም በውስጡ ይዟል። ሳምፕለሩ የራሱን ኢንቨሎፕ በዚያ ላይ ስለሚደርብ ዲኬዩ ሁለት ጊዜ ይሠራና ክራሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ሰስቴይኑን ሙሉ ያድርጉት፤ እንደ ኦርጋን እንዲቀጥል የሚያደርገው የቅጂውን ክፍል እየደጋገመ የሚያጫውተው ሉፑ ነውና ያጥፉት።

«ጠቅ» የሚለውንም አታክ በማስረዘም አይሸፍኑት። የቅጂውን መነሻ ሞገዱ የዜሮ መስመርን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ይቁረጡት። የመሣሪያው ማንነት በአብዛኛው የሚታወቀው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 የደወልን ድምፅ ምቱን አስቀርቶ ሲቀርጽ ደወልነቱ ጠፍቶ ሌላ መሣሪያ የመሰለው ለዚህ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ ዝናብ የሌለበትን ወቅት መጠበቅ ረጅም ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ባለው ቅጂ መሥራቱን እደግፋለሁ። ክሩ እየደከመ ሲሄድ የዝናቡ መጠን ግን ባለበት ይቆያል፤ ጎልቶ የሚሰማውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የድምፅ መጠኑን ትተው የፊልተሩን ኢንቨሎፕ ይጠቀሙ። ከተመታ ክር ውስጥ ቀድመው የሚጠፉት ከፍተኛዎቹ ሃርሞኒኮች (ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች) ሲሆኑ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብም በዚያው በላይኛው ክልል በብዛት ይሰማል። ስለዚህ ላይኛውን ክልል የሚቀንሰው ሎፓስ ፊልተር ክሩ ሲመታ ክፍት ሆኖ ከዚያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲዘጋ ቢያደርጉ፣ የክሩን ተፈጥሮ ሳይቃወም የዝናቡን አብዛኛውን ክፍል ይወስድልዎታል። እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ባለ ክራሩ፦
ልክ ነዎት፣ በቅጂው ላይ የተባለውን እቀበላለሁ። ስለ ማሲንቆው ልጨምር። ደጋኑ ያለማቋረጥ ኃይል ስለሚሰጠው ከመጋዝ ሞገድ (ቅርጹ የመጋዝ ጥርስ ከሚመስለው የሲንተሳይዘር ድምፅ) ተነሥተው አታኩን ከ50 እስከ 80 ሚሊሰከንድ፣ ሰስቴይኑን ወደ ሙሉው የተጠጋ፣ ሪሊዙን 120 ሚሊሰከንድ ገደማ ያድርጉት። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ስለሆነ ሲንተሳይዘሩን በሞኖ (በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ) እና በሌጋቶ (ኖታዎቹ ሳይቋረጡ ተያይዘው) ያጫውቱት፤ አለዚያ በአንድ የደጋን ስበት ውስጥ ያሉት ኖታዎች ሁሉ ኢንቨሎፑን እንደ አዲስ እያስጀመሩ ዜማውን ይቆራርጡታል። ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር እንዲሰማ በሚፈልጉበት ቦታ ብቻ ጣትዎን አንሥተው ይጫኑ።

የጅማ ኪቦርድ ተጫዋች፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሉፑን አጥፍቼ መነሻውን እንደተባለው ቆረጥሁት፤ ሁለቱም ችግሮች ተወግደዋል። ፊልተሩም በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ዝናቡን ደህና አድርጎ ሸፍኖታል፤ በቀጫጭኖቹ ላይ ግን ድምፁ ፈጥኖ ይታፈናል።

ድምፅ ቀራጭ፦
የፊልተሩን ኪ ትራኪንግ ከፍ ያድርጉት፤ ኖታው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ፊልተሩም አብሮ ይከፈታል። በቀጫጭኖቹ ላይ ዝናቡ ጥቂት ቢመለስ፣ እነዚያ ክሮች ቶሎ ስለሚደክሙ የቅጂያቸውን መጨረሻ በፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ በማጥፋት) አሳጥረው ይቁረጡት።