«ደረቅ ተጫዋች» ሙገሳ ነው ስድብ?

ጠያቂው፦

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ያለች ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን አርሰናልን እያየን ነበር። አማካያችን ኳስ ተነጠቀና እዛው ቁጭ ብሎ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን መለማመጥ ጀመረ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ጋሼ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ኧረ የደረቅ ያለህ! ኪዎን ቢሆን ይሄኔ ተነስቶ ኳሷን አስመልሶ ነበር» አሉ፣ የድሮውን የአርሰናል ተከላካይ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ያለ ልጅ ዞር አለ። «ጋሼ፣ ኪዎንን ምን አደረገዎትና ይሰድቡታል?» «ማን ሰደበው? አሞገስኩት እንጂ!»

ልጁ አልተዋጠለትም። ለሱ ደረቅ ሰው ማለት ችክ ያለ፣ ጨዋታ የማያውቅ ሰው ነው። እረፍት ላይ ተከራከሩ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላም በር ላይ ቆመው ተከራከሩ። እኔም ቤት ገብቼ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። «ጠንካራ»፣ «ጉልበተኛ»፣ «ኃይለኛ»፣ «ደረቅ» የሚሉት ቃላት ስለ ኳስ ተጫዋች ስናወራ አንድ ናቸው? ምሳሌ ስትሰጡ ከድሮዎቹ መድፈኞች፣ ከአርሰናሎቹ ይሁንልኝ። የዩናይትድ ደጋፊዎችም መግባት ትችላላችሁ፣ በልኩ።

ጥላ ፎቅ፦

አንድ አይደሉም ወንድሜ። «ጠንካራ» ማንንም አያስቀይምም፣ ስለዚህ ብዙም አይናገርም። ጋዜጠኛ ተጫዋቹን ሳያየው ሊጽፈው የሚችል ቃል ነው።

«ጉልበተኛ» ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። ጉልበት ያለው ማለት ቢሆንም ሰፈር ውስጥ የሰው ድንበር የሚገፋውን፣ አቅመ ደካማ የሚያጠቃውን ነው የምንጠራበት።

«ኃይለኛ» ደግሞ ቁጣ ይጨምራል። የሰው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ሲጻፍ ውሻው ክብደት ያነሳል ማለት አይደለም። ይነክሳል ማለት ነው። ለኔ ይህ ቃል ሰው ቢሆን የዩናይትዱን አምበል ሮይ ኪንን ነበር የሚሆነው። መድፈኛ አለመሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ያለሱ ስለ አምበላችን ቪዬራ ማውራት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2005፣ ሃይበሪ፣ የአርሰናል የድሮ ሜዳ፣ ከዩናይትድ ጋር። ሁለቱ ቡድኖች ገና ሜዳ አልገቡም፣ ጠባቡ መውጫ ኮሪደር ውስጥ ናቸው። ቪዬራ የዩናይትዱን ተከላካይ ጋሪ ኔቪልን ተናግሮታል የሚል ወሬ ኪን ጆሮ ደረሰ። ኪን እየተንደረደረ መጣ፣ ጣቱን ቀሰረ። ዳኛው መሃል ገባ። ኪን እየተገፋ ሳለ የወረወራት ቃል በኛ ቋንቋ «ሜዳ ላይ እንገናኛለን» ናት። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃታል፣ «ስንለቀቅ ጠብቀኝ» ናት። ቪዬራ ገና በ8ኛው ደቂቃ አገባ። ያም ሆኖ ዩናይትድ 4 ለ 2 አሸንፎ ሄደ። እኔ በበኩሌ ውጤቱን ለመርሳት ሞክሬያለሁ። ኮሪደሩን ግን አልረሳሁም።

ቃል ለቃሚ፦

«ደረቅ»ን ለብቻው አትጠይቁት፣ ጎረቤቶቹን ጠይቁ። ደረቅ እንጀራ ወጥ የለውም። ደረቅ ሳል አክታ የለውም። ደረቅ ቼክ ስንቅ የለውም። ደረቅ ሌሊት ሰው አይንቀሳቀስበትም። ሁሉም የሆነ ነገር ይጎድላቸዋል። ደረቅ ሰውስ የሚጎድለው ምንድን ነው? ማለሳለሻው። ብትለምነው፣ ብታባብለው፣ ብትቀልድለት ንቅንቅ አይልም።

አሁን ወደ ሜዳ እንውሰደው። አጥቂው መጣ፣ ኳሷን በእግሩ አሻሸ፣ ወገቡን ወዲህ ጣል ወዲያ ጣል አደረገ። አብዶ ሠራ። አብዶ በእግር የሚነገር ቀልድ ነው። ተመልካቹ ይስቃል፣ አንዳንዱ ተከላካይም ሳይወድ ይስቅና ያልፈዋል። ደረቁ ተከላካይ ግን ቀልድ አይገባውም። ወገቡን አያይም፣ ኳሷን ነው የሚያየው። እንግዲህ ልጁና ጋሼው የሚያወሩት ስለ አንድ ቃል ነው። ምሳ ላይ አብሮህ የተቀመጠ ሰው ቀልድ ካልገባው ያሰለቻል። አጥቂ ፊት የቆመ ተከላካይ ቀልድ ካልገባው ግን ምን ትፈልጋለህ?

ከ«ዓይነ ደረቅ» ጋር ግን እንዳታምታቱት። ዓይነ ደረቅ የሚጎድለው እፍረት ነው። ሰው ዘርሮ ሲያበቃ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ምን አደረኩ?» የሚለው ተከላካይ ዓይነ ደረቅ ነው። ዓይነ ደረቅ ሌባ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚባለው ለሱ ነው።

የሃይበሪ ናፋቂ፦

ኪዎን ከተነሳ ያቺ ቀን ትነሳ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ የዩናይትድ ሜዳ። ምንም ለምንም ናቸው። ቪዬራ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጥቷል። የዩናይትዱ አጥቂ ቫን ኒስትልሮይ ላይ እግሩን ወረወረ፣ አልነካውም፣ ሰውዬው ግን ወደ ኋላ ዘለለ። የኛዎቹ ተንኮል ነው ብለው ጥርሳቸውን ነከሱ። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኪዎን ሌላውን የዩናይትድ አጥቂ ፎርላንን ጣለ ተብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ማን ነው? ራሱ ቫን ኒስትልሮይ።

መታ። አግዳሚውን ነክታ ተመለሰች። ፊሽካ ሲነፋ ኪዎን ሁለት እጁን አንስቶ ዘለለና ሲወርድ ክንዶቹ ሰውዬው ጀርባ ላይ አረፉ። ፊቱን አስታውሱት። ዓይኑ ፈጧል፣ አፉ ተከፍቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። እኔ ያኔ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ቆሜ ነበር፣ እናቴ ሰው የሞተ መስሏት ከጓዳ ሮጣ መጣች። ኪዎን በዚህች ሦስት ጨዋታ ተቀጣ። ቡድኑ የዛን ዓመት ሊግ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው። ያ ዝላይ በአማርኛ ምን ይባላል? እኔ «ፎከረበት» እላለሁ።

ጥላ ፎቅ፦

አልስማማም። ፉከራ ስም ይፈልጋል። ፎካሪ አባቱን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። ኪዎን ያደረገው «አላገጠበት» ነው የሚባለው። ማላገጥ የተሸነፈ ሰው ፊት ላይ ነው።

የሃይበሪ ናፋቂ፦

ማላገጥ ሳቅ አለበት። ኪዎን ፊት ላይ ሳቅ አይተሃል? ደረቅ ሰው ማላገጥ አይችልም፣ ቃል ለቃሚ ከላይ የጻፈውን አንብብ።

ቃል ለቃሚ፦

እኔን ምስክር አታድርጉኝ። ግን «ተወጣበት» ብትሉስ? ብሶቱን ተወጣበት። ቪዬራ ከወጣ ጀምሮ የታመቀው ነው የፈነዳው።

ባለ ድሮው ማልያ፦

ልጆች፣ ቃላት ስትለቅሙ መሠረታዊዎቹን ዘለላችኋቸው። ድሮ ስታዲየም ስንገባ ሁለት ግሦች ነበሩን፣ «ነጠቀ» እና «ጠለፈ»። ኳሷን አገኛት? ነጠቀ። እግሩን አገኘው? ጠለፈ። አንዱን ድርጊት ካታንጋ የተቀመጠው ተመልካች «ነጠቀ!» ሲል ሚስማር ተራ የተቀመጠው «ጠለፈ!» ይላል። ዳኛው ፊሽካውን ሳይነፋ በፊት ፍርዱ በግሡ ተሰጥቷል።

«ጠለፈ» ደግሞ ሀብታም ቃል ነው። የሐበሻ ቀሚስ ይጠለፋል፣ ሙሽራ ትጠለፋለች፣ አውሮፕላን ይጠለፋል፣ የሰው እግርም ይጠለፋል። ክሩም ልጅቷም አውሮፕላኑም እግሩም በሆነ መንጠቆ ከመንገዳቸው የተሳቡ ናቸው።

ስለ ቅጽል ስምም ልጨምር። አሰልጣኝ አስራት ኃይሌን የኳስ ሰው ሁሉ «ጎራዴው» ነው የሚላቸው። እንግሊዞች የቼልሲውን ሮን ሃሪስን በመጥረቢያ ሰይመውታል። የሊቨርፑሉ ቶሚ ስሚዝ «የአንፊልድ ብረት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የማራዶናን ቁርጭምጭሚት የሰበረው ጎይኮቼያ ደግሞ «የቢልባኦው ሥጋ ቆራጭ» ተባለ። እስቲ አስተያዩአቸው። መጥረቢያ እንጨት ይፈልጣል፣ ሥጋ ቆራጭ ሉካንዳ ቤት ነው። ጎራዴ ግን ሰገባ አለው፣ ባለቤት አለው፣ በዓል ሲሆን ተወልውሎ ይታያል። የኛ ሰው ኃይለኛነትን ሲያደንቅ እንኳን ክብር ይፈልግለታል። ዝም ብዬ አገሬን ላሞግስ አይደለም፣ ስሞቹን አይታችሁ ፍረዱ።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ «አራጅ» አይሻልም ወይ ለቢልባኦው? ሥጋ ቆራጭ ለስላሳ ሆነብኝ።

ባለ ድሮው ማልያ፦

አራጅ በዓል ሲሆን በየቤቱ የሚመጣው ነው፣ ባርኮ ነው የሚያርደው። እንግሊዞቹ ያሉት ሥጋ ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚቆርጠውን ነው። ጎይኮቼያ ያቺን ቀን ያደረጋትን ጫማ ቤቱ በመስታወት ሳጥን አስቀምጧታል። ከፈለግህ እሱንም የሚጠራ ቃል ፈልግለት።

ጣልያንኛ ተማሪ፦

ዘግይቼ ገባሁ፣ ግን ይቺን ሳልል አልሄድም። ከላይ አንድ ሰው «ፍጹም ቅጣት ምት» ብሎ ጻፈ። እኛ ሰፈር «ሪጎሬ» ነው። ማልያ፣ ካልቾ፣ ቴስታ ሁሉ ከጣልያንኛ እንደመጡ ታውቃላችሁ። «ሪጎሬ» በጣልያንኛ ጥብቅነት፣ ምሕረት የለሽነት ነው። ሥሩ ላቲን ነው፣ እዛ ደግሞ ትርጉሙ ግትር ብሎ መድረቅ ነው። ሐኪሞች የሬሳን መገተር የሚጠሩበት ቃልም ከዚሁ ሥር ነው።

ስለዚህ ካታንጋ ላይ «ሪጎሬ! ሪጎሬ!» ሲባል ስንት ዓመት ሙሉ «ድርቀት! ድርቀት!» ስንል ነበር። ቫን ኒስትልሮይ የሳታት ሪጎሬ ናት፣ ኪዎን የዘለለው በሪጎሬ ነው። ቪዬራም ለአርሰናል ለመጨረሻ ጊዜ የመታት ኳስ ሪጎሬ ናት። ሜይ 2005፣ ካርዲፍ፣ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ተጋጣሚው ዩናይትድ። 120 ደቂቃ ምንም ለምንም፣ በሪጎሬ ተለያዩ። አምበሉ የመጨረሻዋን መታ፣ አገባ፣ ዋንጫውን አነሳ፣ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። በፕሪሚየር ሊግ 8 ቀይ ካርድ ያየ ሰው ስንብቱ በቅጣት ምት ሆነ።

ጥላ ፎቅ፦

ይሄ ለኔ በቂ ነው። ሻይ በኔ።

የሃይበሪ ናፋቂ፦

የአርሰናሉን ተከላካይ አዳምስን ሳታነሱ የት ትሄዳላችሁ? በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ፣ እስከ 2002 ሌላ ክለብ ሳያውቅ ተጫወተ። ዲክሰን፣ ቦልድ፣ አዳምስ፣ ዊንተርበርን በአንድ መስመር ወደ ፊት ይወጣሉ፣ አዳምስ እጁን ያነሳል፣ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነው። በ1998/99 በ38 ጨዋታ የገባባቸው 17 ጎል ብቻ ነው። ያን ዓመት አጥቂዎች አዳምስን ሲያዩ ሐሞታቸው ይፈስ ነበር።

ለናንተ ለቃል ሰዎች ደግሞ፦ «እጁን አነሳ» እና «እጁን አነሳበት»። አንዲት «በት» ናት ልዩነታቸው። የመጀመሪያው ለመስመር ዳኛው ነው፣ ሁለተኛው ለአጥቂው። አዳምስ ሁለቱንም አሳምሮ ይችላል።

ቃል ለቃሚ፦

«ሐሞት» ስላልክ ደስ አለኝ። ድፍረትን አማርኛ ሐሞት ውስጥ ነው ያስቀመጠው። የማይፈራው ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪው ሐሞተ ቢስ። ለአዳምስ «ደረቅ» አንሶበታል፣ እኔ «ሐሞተ ኮስታራ» እለዋለሁ። ደረቅ ሰው እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1998 ያደረገውን አያደርግም። ኤቨርተንን 3 ለ 0 እየመሩ፣ ዋንጫው እጃቸው ገብቶ፣ ቦልድ ከመሃል ኳሷን አነሳለት። ተከላካይ ለተከላካይ! አዳምስ ብቻውን ገብቶ በግራ እግሩ ለጋት። ከዛ አልሮጠም፣ አልጮኸም። ሁለት እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። አሁን በአርሰናል አዲሱ ስታዲየም፣ በኤምሬትስ ደጃፍ ያለው ሐውልቱ ያንን ነው የሚያሳየው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ያቺው ቤት ሄጄ ጋሼን አገኘኋቸው። ልጁም ነበረ። የጻፋችሁትን ከስልኬ አነበብኩላቸው፣ ደረቅ እንጀራውንም፣ ሪጎሬውንም፣ ጎራዴውንም። ልጁ «አብዶ በእግር የሚነገር ቀልድ ነው» የምትለዋ ላይ ሳቀ፣ ድገማት አለኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዛ እንዲህ አሉ፦

«ደረቅማ አንተ ነህ ልጄ። ለአንዲት ቃል ይሄን ሁሉ ሰው ሥራ አስፈታህ። በል ዞር በል፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው።»