ኢኬያ ምኑ ነው የሚስበው?

ጥያቄ፦ ለአንድ መደርደሪያ ብዬ የስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር ኢኬያ እገባለሁ፤ ትራስና ሻማ ተሸክሜ እወጣለሁ። እናንተንስ ምኑ ነው የሚስባችሁ?

መልስ 1፦ መንገዱ ነዋ! ሱቁ ሁሉንም ክፍል እያሳየ እንዲያዞርህ ተደርጎ ነው የተሠራው። አልጋው ተነጥፎ፣ መብራቱ በርቶ ይጠብቅሃል። እኔማ ሶፋው ላይ ቁጭ ካልኩ ሻይ የሚመጣልኝ ይመስለኛል።

መልስ 2፦ ለእኔ ዋጋው ነው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕቃውን ፈታትተው በጠፍጣፋ ካርቶን ይሸጣሉ። ቦታ ስለማይፈጅ ማጓጓዣው ይረክሳል፤ መግጠሙ ያንተ ዕዳ ነው። ቢሊ የሚባለው የመጽሐፍ መደርደሪያቸው ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። የጀርባው ሰሌዳ ስስ ነው፤ ግን ለዋጋው ምን ይወጣለታል? ብቻ ግድግዳ ላይ እሰረው፣ በተለይ ልጆች ካሉህ።

ጠያቂው፦ መግጠሙንማ እወደዋለሁ። ባለቤቴ መመሪያውን ታያለች፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። ሥዕል ብቻ ስለሆነም «እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ክርክር የለም።