ከሞተር ዘይት ፈንታ የካምቢዮውን አፈሰስኩ፣ መኪናዋ አልሄድ አለች

ጥያቄ፦ ባለቪትዙ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እየሳቃችሁም ቢሆን መልሱልኝ።

መኪናዬ አሮጌዋ ቪትዝ ናት፣ የ2003 ሞዴል፣ አውቶማቲክ። የጋራዥ ዋጋ ስለከበደኝ ቪዲዮ አይቼ ዘይት ራሴ ልቀይር ብዬ ግቢ ውስጥ በክሪክ ሰቀልኳት። ከሥር ገብቼ መጀመሪያ ያገኘሁትን ማፍሰሻ ቡሎን ፈታሁ። የወጣው ዘይት ቀላ ያለ ነበር። «እንዴ፣ ዘይቴ ገና አልቆሸሸም ነበር» ብዬ ደስ አለኝ። ቡሎኑን ዘጋሁ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ 4 ሊትሩን አዲስ ዘይት አሟጥጬ ሞተሩ ላይ ገለበጥኩ።

አስነሳሁ። ዲ ሳስገባ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ወዲያው አጠፋሁ። የሞተሩን ዘይት መለኪያ ሳወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል። ያኔ ነው የገባኝ። አከራዬ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ ሁሉንም አይተዋል። ቅድም «ጎበዝ ልጅ» ሲሉኝ ነበር፣ አሁን ዝም ብለዋል።

ካምቢዮው አለቀለት? እዚሁ ማስተካከል እችላለሁ? የፍሬን ሸራም ራሴ ልቀይር አስቤ ነበር። እናንተም ስትሠሩ ያፈራችሁበት ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሽሮሜዳ ልጅ

ሳቄን ጨርሼ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ቁልፉን ከመኪናዋ አውጣና ለአከራይህ ስጥ። «እስቲ ደግሞ ልሞክራት» የሚባል ነገር የለም። የካምቢዮው ፓምፕ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይዞራል፣ ፒ ላይ ብትሆንም።

መልስ፦ እጀ ጥቁር (መካኒክ)

ወንድሜ አትደንግጥ። ወዲያው ካጠፋሃት የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊት ይጠፋል፣ መኪናዋም አትሄድም። ካምቢዮ የሚቃጠለው እያንሸራተተ በግድ ሲነዳ ነው። ያኔ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ያልቃሉ። አንተ አልነዳሃትም። ከታች ስታፈስም ሁሉም አይወጣም፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው) ውስጥ ብዙ ይቀራል።

ጎትቼ ጋራዥ ልውሰዳት እንዳትል። ቪትዝን የሚነዳት የፊት ጎማ ነው። የፊት ጎማው መሬት ላይ እየዞረ ከተጎተተች ዘይት የጎደለው ካምቢዮም አብሮ ይዞራል። የግድ ከሆነ በጭነት ነው የምትሄደው። ግን እዛው ግቢህ ውስጥ ይስተካከላል።

ከሞተሩ ጀምር። አሮጌው ዘይት ወደ 3 ሊትር ነው፣ አንተ 4 ጨመርክበት። እንዲህ ሆኖ ከሠራ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። ጎሚኒዎቹን ገፍቶም ያፈሳል፣ ጭስም ያመጣብሃል። ትክክለኛውን ቡሎን ለማግኘት ፊልትሮው የተጠመደበትን ወገን እይ፣ ሞተሩ እሱ ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ ስታስበው ሞተሩ በቀኝህ፣ ካምቢዮው በግራህ በኩል ነው። የሞተሩ ማፍሰሻ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታል። ሁሉንም አፍስስና አዲሱን መለኪያውን እያየህ ቀስ እያልክ ሙላ። ጋሎኑ 4 ሊትር ስለሆነ ብቻ 4 ሊትር አይገባም።

ወደ ካምቢዮው እንምጣ። ያፈሰስከው ሳፋው ውስጥ ካለ አትድፋው። በ1 ሊትር ሃይላንድ ለካው። የወጣውን ያህል አዲስ ትገዛለህ። የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ አውጥተህ እይ፣ ቶዮታ ብዙ ጊዜ የዘይቱን ዓይነት እዚያው ላይ ይጽፋል። በአንተ ዘመን ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲኩ የሚፈልገው ቲ-4 የሚባለውን ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው። ካምቢዮህ ሲቪቲ (በደረጃ የተከፈለ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ ዘይቱ ሌላ ነው፣ አታምታታ። ሶማሌ ተራ ስትሄድ «የቪትዝ ካምቢዮ ዘይት» ብለህ ብቻ አትጠይቅ፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ፎቶ አንስተህ አሳይ።

የሚሞላው በመለኪያው ቱቦ ነው፣ በቀጭን ፈነል። ከዚያ አስነሳ፣ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ትንሽ እያቆየህ አዳርሰው፣ ወደ ፒ መልሰው። የካምቢዮ ዘይት ልኩ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ ነው። የሞተር ዘይት ግን ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው የሚለካው። ሁለቱም ሜዳ ቦታ ላይ።

ባለቪትዙ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አዲሱ ዘይት አንጀቴን በላው። ትርፉን ብቻ ቀንሼ በቀረው ብነዳስ?

መልስ፦ ቤንዚን አለ

ንዳ! ግማሹ አዲስ ነው እኮ።

መልስ፦ እጀ ጥቁር

ይቻላል፣ ሞተሩ አይሞትም። እኔ ግን አልመክርም። ቆሻሻውን ልታወጣ አይደል እንዴ የገባኸው? ሳፋ ውስጥ የገባ ዘይት ደግሞ ተመልሶ ሞተር ውስጥ አይገባም፣ አሸዋ ይኖረዋል። የተቃጠለውን በጀሪካን አጠራቅመህ ጋራዥ ስጥ፣ ቦይ ውስጥ አትድፋ። አጥር የሚያጥር ጎረቤት ካለህ «ለምስጥ» ብሎ ይለምንሃል።

መልስ፦ ሀበሻ በቨርጂኒያ

ብቻህን አይደለህም። እዚህ የሱባሩ ባለቤቶች ዘንድ ይኼ ስህተት የታወቀ ነው፣ ማፍሰሻዎቹ ስለሚቀራረቡ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፊልትሮ ስትቀይር የአሮጌው ጎሚኒ አብሮ መውጣቱን አይተሃል? ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረ አዲሱ በላዩ ይታሰራል፣ ግፊት ሲመጣ ዘይቱ በአንዴ ይዘረገፋል። ጓደኛዬን መንገድ ላይ አዋርዶታል። ሌላው፣ ማኑዋል ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል የሚነካ ሰው መሙያውን ቡሎን ቀድሞ ይፍታ። አፍስሰህ ከጨረስክ በኋላ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው እዛው ቀረ።

መልስ፦ የያሪሷ እመቤት

ፍሬን ልትነካ ከሆነ የእኔን ስማ። አዲሱ ሸራ እንዲገባ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ሁሉንም አሳምሬ ገጠምኩ። ፔዳሉን ሳልሞክር ማርሽ አስገባሁ። ስረግጠው እስከ ወለል ወረደ። የግቢያችን በር እስካሁን እንደጎደጎደ ነው። ከመንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ።

ወንድሜ ደግሞ ሸራውን ገልብጦ፣ ብረቱን ወደ ዲስኩ አዙሮ ገጠመው። ሲጮኽ «አዲስ ስለሆነ ነው» ይለን ነበር። ዲስኩን ጨረሰው።

መልስ፦ እጀ ጥቁር

እሷ ላይ ልጨምር። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብ እንዳይል። ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑ ይያዛል፣ መፍትሔውም ማጠብ ብቻ አይደለም። ከዋናው ፓምፕ ጀምሮ ጎማ ያለበትን ሁሉ ትቀይራለህ።

መልስ፦ ጋሽ ቮልስ

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ዘይት ታወራላችሁ። ልጁ በክሪክ ሰቅዬ ከሥር ገባሁ ነው ያለው። ልጄ፣ ስታንድ፣ ማለትም መኪናዋን ተሸክሞ የሚቆም የብረት እግር ነበረህ? ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ፒ ላይ ነበረች ብለህም አትመካ። ፒ የሚይዘው የፊቱን ጎማ ነው፣ እሱ ደግሞ አየር ላይ ነው። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ ስታንድ አድርግ፣ ትርፍ ጎማውንም ከሥሯ አጋድም። ብሎኬት እንዳትጠቀም፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ስለ ማፈር ከሆነ አይዞህ። አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ የቮልሴን ራዲያተር ውሃ ልሙላልህ ብሎ ፊት ከፈተ፣ ኋላ ከፈተ፣ መቀመጫ ሥር ፈለገ። ቮልስ በአየር እንደሚቀዘቅዝ የነገርኩት ላብ በላብ ከሆነ በኋላ ነው።

ባለቪትዙ፦ ጋሼ፣ ብሎኬት ነበር። ስታንድ ከጎረቤት ተውሻለሁ።

ባለቪትዙ (በማግስቱ)፦ ሄደች! ዘንጉ ላይ ቲ-4 ይላል፣ የወጣውን ለክቼ ያንኑ ያህል ሞላሁ። የፊልትሮው ጎሚኒም አብሮ ወጥቷል። ዲ ስትገባ መጀመሪያ ትንሽ ዘገየች፣ አሁን ደህና ናት።

መልስ፦ እጀ ጥቁር

ጎሽ። መጀመሪያ ላይ የዘገየችው መስመሩ እስኪሞላ ነው። ሰፈር ውስጥ ነድተሃት ስትመለስ፣ ሞቃ እያለች የካምቢዮውን ልክ ድጋሚ እይ። ዘይቱ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ወይም ማርሽ ስትቀይር ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ከዘገየች፣ ሳትነዳት አሳያት። ሥሯም ካርቶን አንጥፈህ አሳድር፣ የሚንጠባጠብ ካለ ቀለሙ ከየትኛው ቡሎን እንደሆነ ይነግርሃል። ፍሬኑን የምትጀምር ቀን ደግሞ አንዱን ጎማ ብቻ ፍታ፣ ሌላኛው ወገን እንዴት እንደተገጠመ እያየህ ትሠራለህ።