እህቴ ምግብ እየሸሸች ነው፣ ሀዋሳ የት ልውሰዳት?

የትልቋ_እህት
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሀዋሳ ያላችሁ በተለይ ጤና ላይ የምትሰሩ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት። ዓቢይ ጾም ላይ ምግብ ስትቀንስ ማንም ልብ አላለም፣ እንደውም እማዬ «ልጄ ጾሙን አጠበቀችው» እያለች ለጎረቤት ስታወራ ነበር። ፋሲካ ሆነ ዶሮው ቀረበ፣ የእንቁላሉን አስኳል ፈልፍላ ወደ ወንድሜ በኩል አሻገረች፣ ነጩን ደግሞ በእንጀራ ጠቅልላ ትሪው ጠርዝ ላይ ስትሸጉጠው አየኋት። አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና አርብ እንኳን አይጾምም፣ ሰው ሁሉ ፈታ እሷ ግን አልፈታችም። በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርባ ነው የምትተኛው፣ እጇ በረዶ ነው፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ ድንገት ወደቀች። ፔሬዷም ቆሟል፣ ሞዴስ ከአንድ ቦታ ስለምንወስድ ነው ያወቅኩት።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ጨጓራና ታይፎይድ ብለው መድኃኒት ሰጧት ምንም ለውጥ የለም። አክስቴ ቡዳ ነው ጸበል ውሰዷት ትላለች። አባዬ ትናንት ማታ «ሳትጨርሺ አትነሺም» ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ እያለቀሰች ጨረሰችና ሽንት ቤት ገብታ ስታስመልስ ሰማኋት። አኖሬክሲያ የሚሉት፣ መወፈር ፈርቶ ምግብ መሸሽ፣ ይሄ ነው እንዴ? የፈረንጅ በሽታ ነበር የሚመስለኝ። ከምን ነው የሚጀመረው?

ቀዮ_ታቦር
አታካብጂው እህቴ ቲክቶክ ነው፣ ስልኳን ቀሟት በሳምንት ትስተካከላለች። አሞራ ገደል ወስደሽ የአሳ ሾርባ ጋብዣት ሃሃ

ናይት_ዲውቲ
ቀዮ ይቅርታ ግን ይሄ የሾርባ ጉዳይ አይደለም። የወደቀች፣ የምታስመልስ፣ ፔሬዷ የቆመ ልጅ ሳምንት አትጠብቅም። ነገ ጠዋት ሪፈራል ውሰጃት፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ማለቴ ነው፣ እዛ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል አለ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ልቧ ነው። ስትገቢ «ምግብ አልበላም አለች» ብቻ ካልሽ ተመልሶ ጨጓራ ነው የሚሆነው፣ «እየወደቀች ነው፣ ታስመልሳለች፣ መወፈር ትፈራለች» በይ። የልብ ምቷን፣ ተኝታና ቆማ ግፊቷን፣ ስኳሯን ይዩላት፣ ኢሲጂ (የልብ ምት በማሽን የሚታይበት) እና ኤሌክትሮላይት (ደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት) ይሰራላት፣ በተለይ ፖታሲየምና ፎስፌት። ማስመለስ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ምቱን ይስታል፣ ልጅቷ ግን ቆማ ስትስቅ ልታያት ትችያለሽ። ውጤቱ ደህና ቢሆን እንኳን ደህና ናት ማለት አይደለም ሰውነት ለረጅም ጊዜ ችሎ ይይዛል። የእርግዝና ምርመራ ቢያዙ አትቆጡ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር በሽታና ቲቢም መለየት አለባቸው። ታይፎይዱ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ የተገኘ ከሆነ ብዙ አትመኚበት፣ በዊዳልማ ግማሽ ከተማው ታይፎይድ ነው።

የአበላል በሽታን ለማጣራት የሚጠቅም ስኮፍ የሚባል 5 ጥያቄ አለ፣ እንግሊዞች በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት። ከመጠን በላይ ጠገብኩ ብላ ስትጨነቅ ሆን ብላ ታስመልሳለች ወይ፣ አበላሏን መቆጣጠር ያቃታት ይመስላታል ወይ፣ በ3 ወር ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ ቀንሳለች ወይ፣ ሰው ከሳሽ ሲላት እሷ ወፍራም ነኝ ትላለች ወይ፣ ሐሳቧ ሁሉ ምግብ ሆኗል ወይ። ሁለት አዎ ካለ በደንብ መመርመር አለባት፣ በሽታው ተረጋገጠ ማለት ግን አይደለም።

ደሞ ደንግጣችሁ ከነገ ጀምሮ ገንፎ በቅቤ፣ ክትፎ እያላችሁ እንዳታጭቁባት!! ቆይቶ የተራበ ሰውነት ውስጥ ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳና ፎስፌቱን ከደም ጠርጎ ሴል ውስጥ ያስገባዋል፣ ልብ ሊያቆም ይችላል። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን መጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባለውን ቀለል ያለ የሕክምና ወተት ሰጥተን ቆይተን ወደ ኤፍ 100፣ ጠንከር ወዳለው፣ የምናሻግራቸውም ሰውነታቸው ድንገት ስለማይችለው ነው። ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠ፣ ደሟ እየታየ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚጨመረው።

ሮዚ_አቶቴ
የኔ ቡሊሚያ ነበር፣ ብዙ በልቶ ማስመለስ። ከሲታ ስላልነበርኩ ማንም አላወቀም፣ ጉንጬ አካባቢ ያለው እጢ አብጦ ፊቴ ሲሞላ ሰዉ «ተመቸሽ» ነበር የሚለኝ። የነቃብኝ የጥርስ ሐኪም ነው፣ የላይኛውን የፊት ጥርሴን በስተጀርባ በትንሿ መስታወት ሲያይ ቆየና ረዳቱን «እስቲ አንዴ ውጪ ቆዪ» ብሎ አስወጥቶ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፣ የጨጓራ አሲድ በልቶት ነበር። ከዛ ሳይኮሎጂስት ጋር ሲቢቲ የሚባለውን አስተሳሰብና ልማድ የሚቀይር የንግግር ሕክምና ጀመርኩ፣ የበላሁትንና በሰዓቱ የተሰማኝን መጻፍ፣ ሰዓት ጠብቆ መብላት፣ ምክንያቱም ቀን ላይ የዘለልኩት ምሳ ነው ማታ መጥቶ የሚያስበላኝ የነበረው። ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድብርት መድኃኒትም ወስጃለሁ ለቡሊሚያ ይረዳል፣ መጠኑ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ስለሚል በሐኪም ብቻ ነው። ለአኖሬክሲያ ግን ዋናው መድኃኒት ምግብ ራሱ ነው።

አባትሽ ፈርቶ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። በእሷ ዕድሜ ላሉት በደንብ ከተጠኑት ሕክምናዎች አንዱ ቤተሰብ የሚመራው ነው፣ ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረ፣ ለጊዜው ምን ያህል እንደምትበላ የሚወስኑት ወላጆች ናቸው፣ ድርድር የለም፣ ጩኸትም የለም። ትሪ ላይ አብሮ መብላቱን አሁን ተዉት፣ ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ እናትሽ ለብቻዋ በሳህን ታቅርብላትና አብራት ትብላ። ጉርሻም ይቅር (አውቃለሁ አውቃለሁ)። ከበላች በኋላ ብቻዋን እንዳትሆን ቡና አፍሉና እስከ በረካ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ወሬው ስለ ኪሎ አይሁን ብቻ። «ወይኔ ከሳሽ» ለእሷ ሽልማት ነው፣ «አሁን አማረብሽ» ስትዪያት ደግሞ ወፈርሽ ያልሻት ነው የሚመስላት።

ዲያቆኑ
የሰኔ ጾም ሳይገባ የንስሐ አባታችሁን አናግሩ። የታመመ ሰው ጹም ተብሎ አይገደድም፣ አባ ራሳቸው «ልጄ ብዪ» ቢሏት ከእናንተ ይልቅ ትሰማ ይሆናል። ጸበሉን አልከለክልም ትጠመቅ፣ ግን በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስና ሱባኤ ለእሷ አይሆንም፣ መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁ ካለ እንዳትሰሙት።

የትልቋ_እህት
እግዜር ይስጣችሁ። ሄድን፣ የልብ ምቷ በጣም ቀርፋፋ ነው ፖታሲየሟም ወርዷል ብለው አስተኟት። ሳይካትሪ ያለችው ዶክተር አባዬን ኮሪደር ላይ ይዛው ብዙ አወሩ፣ ከዛ ወዲህ ስለ ምግብ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የፎስፌት ውጤት ገና ነው። አሁን የጨነቀን ሰኔ ላይ ያለው ፈተና ነው፣ «ክፍል ልደግም ነው» ብላ ታለቅሳለች፣ ደብተር አምጡልኝ ትላለች።

ናይት_ዲውቲ
ሜዲካል ሰርተፊኬት አጽፊና ለዳይሬክተሩ አስገቢ፣ የበሽታው ስም እንዳይጠቀስ ሐኪሟን ጠይቂ፣ ሰፈር ሁሉ ማወቅ የለበትም። ደብተሩን ከፈለገች ውሰጂላት ግን ካልገባት አትገረሚ። በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ 36 ጤነኛ ወንዶችን ፈቃደኛ አድርገው ለወራት ምግብ ቀንሰውባቸው ነበር፣ ማንበብና ማተኮር አቃታቸው፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ተነጫነጩ። እህትሽ ላይ የምታዪው ፀባይ ብዙው ረሃቡ ነው፣ ኪሎዋ ሲመለስ አብሮ የሚሄድ አለ፣ ፍርሃቱ ግን ይቆያል ከሆስፒታል ወጥታም ቀጠሮ እንዳታቋርጡ። ፎስፌቱ ሲወጣ ጻፊልኝ።