የስቴት ሕግ አውጪ ምሽት፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊዋ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በተባባልነው መሠረት የማኅበራችን ዝግጅት የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። በጥቅምት ወር ውስጥ አንድ የትምህርት ምሽት እናዘጋጅና የስቴት ሕግ አውጪ ሥራ ምን እንደሚመስል በዳግላስ ዋይልደር ታሪክ እናሳይ። ዋይልደር እዚሁ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1989 ተመርጦ በአሜሪካ በምርጫ አገረ ገዥ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ያሸነፈው ከ7 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ» ለሚሉን ይህ ብቻ ይበቃል።

ከወጣቶች ክፍል፦
እትዬ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ከአገረ ገዥነቱ ባንጀምርስ? እኔን የሚስበኝ ከ1970 እስከ 1986 በስቴቱ ሴኔት የቆየበት ጊዜ ነው። ሲገባ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከነበረው የመልሶ ግንባታ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ነበር። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በስቴቱ እንዲከበር ለዓመታት ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ ኖረ። በ1984 ተሳካለት፤ የተሳካው ግን ሊ እና ጃክሰን ከሚባሉ የኮንፌዴሬሽን ጄኔራሎች በዓል ጋር ተዳብሎ ነው! ባርነትን ለማቆየት ከተዋጉት ጋር በአንድ ቀን መሆኑ ነው። የተለያዩት በ2000 ነው። የጄኔራሎቹ በዓል የተሰረዘው ደግሞ በ2020። የሕግ አውጪ ሥራ ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ግማሹን ትወስዳለህ፣ የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።

ጋሼ (የሽማግሌዎች ኮሚቴ)፦
ልጄ ልክ ብሏል። አንድ ነገር ጨምሩልኝ፤ ዋይልደር ኮሪያ የዘመተ ነው። የእኛም ቃኘው ሻለቃ ጦር እዚያው ነበር። ሽማግሌዎቹን ከቤት የሚያስወጣቸው ይህ ነው፣ እመኑኝ።

ሒሳብ ያዥ፦
ገንዘቡም ይነገር እንጂ። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ለብዙ ዓመታት ደሞዛቸው በዓመት 18 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የነበረው። ጉባኤው ከጥር አጋማሽ ገደማ ጀምሮ አንዱን ዓመት 60 ቀን፣ ሌላውን 45 ቀን ያህል ይቀመጣል። ታዲያ ማን ነው ሥራውን ጥሎ የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ የሚከርመው? ዋይልደር የራሱ የጥብቅና ቢሮ ነበረው። ታክሲ የሚነዳ አባላችን ግን ቢመረጥ የቤቱን ወጪ በምን ይሸፍናል? ይህን ጥያቄ ሳናነሳ «ልጆቻችን ይወዳደሩ» ማለት ባዶ ሽንገላ ይመስለኛል።

የሕግ ጉዳይ የምትከታተለው እህታችን፦
ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ከግብር ነፃ ስለሆነ ዕጩ መደገፍ አይችልም። ማስተማር ይችላል፤ ስለ ረቂቅ ሕግ መናገርም በመጠኑ ይችላል። ስለዚህ ጥቅምት ይቅር። የምርጫ ዘመቻ የሚጦፍበት ወር ነው፣ ነገሩ ይምታታል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ካለን ጥርን አንጠብቅ። ጉባኤው አጋማሽ ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች ረቂቅ የሚለዋወጡበት ቀን አለ፤ እስከዚያ ያላለፈ አለቀለት። ብዙው ደግሞ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ድምፁ ሳይሰማ ይሞታል። ተወካዩን ሰፈሩ እያለ፣ ጊዜ እያለው ነው ማግኘት።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ። የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበሩ በኅዳር ከሚውለው ከታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን) በፊት ባለው ቅዳሜ ምሽት ዝግጅቱን ያቀርባል። የመጀመሪያው ክፍል የዋይልደር የሴኔት ዓመታት ሲሆን የኪንግ ቀን ረቂቅ ዋናው ምሳሌ ይሆናል፤ አቅራቢዎቹ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኛው ክፍል የደሞዝና የጊዜ ጉዳይ፣ ከጥያቄና መልስ ጋር። የአካባቢያችን ተወካይና ሴናተር ፓርቲ ሳይለይ ይጋበዛሉ። አባላት ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ መርጠው በጽሑፍ ያቀርቡላቸዋል።»

ጋሼ፦
ቀኑ መልካም ነው፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው። ክትፎ ይኖራል ማለት ነው።

ከወጣቶች ክፍል፦
አንድ ጥያቄ ብቻ የሚለው ይከብዳል። እኔ የመንጃ ፈቃድ ፈተናን በአማርኛ የመውሰድ ጉዳይ እላለሁ። ሒሳብ ያዣችን የቤት ኪራይ ነው የሚለው።

ሒሳብ ያዥ፦
አዎ፣ ኪራይ። እሑድ ድምፅ እንስጥበት። ለተወካዩ ቢሮ የሚደውለው ማነው?